ላቬንደር ያለበት የወንድ ሽቶ፦ የትኛው ለማን?

«ሳሙና ሳሙና ይሸታል።» ላቬንደር ያለበትን የወንድ ሽቶ መጀመሪያ ያሸተተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። ጠርሙሱን መልሶ ያስቀምጥና ወደ ጣፋጩ ወይም ወደ ዑዱ ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል። በወንድ ሽቶ ውስጥ ከሚገቡት የቅጠላ ቅጠል ጠረኖች ሁሉ ላቬንደርን የሚያህልብኝ የለም። ንጹሕ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ግን ሙቀትም አለው። ሳሙናን የሚያስታውሰው ደግሞ ከብዙ መልኮቹ አንዱ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው አመራረጣችን ላይ ነው። ሱቅ ገብተን «ላቬንደር ያለበት አለ?» እንላለን። ሻጩ አንዱን ያነሳልናል። እኛም ያንን አሽትተን ላቬንደርን አወቅነው ብለን እንወስናለን። ነገር ግን ሁለት ሽቶዎች ላቬንደር በብዛት እያለባቸው አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው መራራ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ላቬንደሩ መኖሩ ሳይሆን ከማን ጋር መኖሩ ነው። ከቫኒላ ጋር ነው? ከደረቀ ሣር ጠረን ጋር? ከእጣን ጋር? ወይስ ከዘመኑ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች ጋር? ይህን ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላል።

የላቬንደር ሁለት ጎን

ከጠርሙሶቹ በፊት ተክሉን እንወቀው። ላቬንደር ሐምራዊ አበባ ያለው ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከጥብስ ቅጠል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ስታሸቱት ሁለት ነገር ይመጣላችኋል። አንዱ ለስላሳ፣ አበባ አበባ የሚል፣ ጣፈጥ ያለ ነው። ሌላው ሹል ነው፤ አፍንጫ ይከፍታል፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ለስላሳው ጎን በአብዛኛው የሚመጣው ሊናሎል እና ሊናሊል አሲቴት ከሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ሊናሎልን ስሙን ባናውቀውም ሽታውን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የድንብላል ፍሬ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊናሎል ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረትም ዋናው ጠረኑ ከሊናሎል ነው። ሹሉ ጎን ደግሞ ካምፎር እና ሲኒዮል ከሚባሉት ይመጣል። እነሱም እንግዳ አይደሉም። የጥብስ ቅጠል ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታው በዋናነት ሲኒዮል ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጡ ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩት አንድ ፈተና አለ። ደረቅ ኮሰረት በጣታችሁ አድቅቁና አሽትቱ። ትንሽ ቆዩና የጥብስ ቅጠል እንዲሁ አድቅቃችሁ አሽትቱ። ልባችሁ ወደ ኮሰረቱ ካደላ ከቫኒላ ጋር የተቀመሙትን ትወዳላችሁ። የጥብስ ቅጠሉ ከሳባችሁ የፀጉር ቤት ጠረን የሚባሉት ይስማሟችኋል። ሁለቱንም ከወደዳችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሁሉም በር ክፍት ነው።

አሁን ወደ «ሳሙና ሳሙና» እንመለስ። በገበያ ላይ ላቬንደር የሚባለው አንድ ተክል አይደለም። እውነተኛው ላቬንደር ደጋ ይወዳል። በደቡብ ፈረንሳይ በኦት ፕሮቫንስ የሚመረተው ዘይቱ ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም አለው። ያንን ስም ለመያዝ ተክሉ ከ800 ሜትር ከፍታ በላይ መብቀል አለበት። ላቫንዲን ግን ድቅል ነው። እውነተኛው ላቬንደር ስፓይክ ከሚባለው የዝቅተኛ ቦታ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ዝቅ ባለ ቦታ ይበቅላል፣ ቁጥቋጦው ትልቅ ነው፣ ዘይቱም ብዙ ነው። አንድ ኪሎ የእውነተኛ ላቬንደር ዘይት ለማግኘት ከመቶ ኪሎ ያላነሰ አበባ ይፈልጋል። ለላቫንዲን የዚያ ግማሽ አካባቢ ይበቃል። በፎቶ የምናየው፣ በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ሰፊው የቫላንሶል ሐምራዊ ማሳ በአብዛኛው ላቫንዲን ነው።

ላቫንዲን ርካሽ ስለሆነ የልብስ ሳሙናውም፣ የወለል ማጽጃውም፣ የመኪና ጠረኑም ከሱ ነው። ካምፎሩም ይበዛል። ግሮሶ የሚባለው ዋናው የላቫንዲን ዝርያ ውስጥ ካምፎር ከ6 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። በእውነተኛው ላቬንደር ውስጥ ግን አንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። አፍንጫችን ላቬንደርን የተማረው ከሳሙና ነው ማለት ነው። ጥሩ የወንድ ሽቶ ውስጥ ለስላሳውን ጎን ስታገኙት ሌላ ነገር እንዳገኛችሁ ይሰማችኋል። ይህን ስል ላቫንዲንን ለማጥላላት አይደለም። በፀጉር ቤት ጠረን ውስጥ ሹልነቱ ይፈለጋል። ቦታው ሌላ መሆኑን ብቻ እወቁለት።

ከቫኒላ ጋር፦ ካሮን ወይስ ለ ማል?

በ1934 ኧርነስት ዳልትሮፍ የሚባለው ሽቶ ቀማሚ ለካሮን ቤት «ፑር አን ኦም» የተባለውን ሽቶ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ብዙ ላቬንደር፣ ከሥሩ ቫኒላ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ምስክ። ዛሬም ይሸጣል። ላቬንደርን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማሽተት ያለበት ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። ላቬንደሩ የሚደበቅበት ነገር የለውምና።

ስትረጩት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅጠላዊ ናቸው። ትንሽ ይመራል፣ ትንሽ ይቆነጥጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸሻል። አትሽሹ። ሃያ ደቂቃ ስጡት። ቫኒላው ቀስ ብሎ ከታች ይመጣል፤ ሹልነቱ ይበርዳል። በጣም የሚያምረው ቫኒላው ላቬንደሩን አለመዋጡ ነው። የስኳር ቫኒላ አይደለም፤ ደረቅ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ነው። ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረው ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ልብስና የሞቀ ገላ የተቀላቀሉበት ጠረን ነው። ከአጠገባችሁ ላለ ሰው እንጂ ለሞላው ክፍል አይሸትም። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። ሽቶ ከሩቅ እንዲጠራላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ይህ አይደለም የናንተ።

ለ ማል ሌላ ጠባይ አለው። የዣን ፖል ጎልቲዬ ሽቶ ነው፤ በ1995 የወጣ። የቀመመው ፍራንሲስ ኩርክጂያን ያኔ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። የመርከበኛ ካናቴራ የለበሰ የወንድ ደረት የሚመስለውን ጠርሙስ ያላየ ያለ አይመስለኝም። እዚህም ላቬንደርና ቫኒላ አሉ። ነገር ግን ናዕናዕ፣ የብርቱካን አበባና ቅመም ተጨምረዋል፤ ቫኒላውም በጣም ጣፋጭ ነው። ካሮን ውስጥ ዋናው ላቬንደሩ ነው፣ ቫኒላው ያግዘዋል። ለ ማል ውስጥ ዋናው ቫኒላው ነው፣ ላቬንደሩ እንዳይሰለች ያድሰዋል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

የቱን ልምረጥ ለሚል፦ ለቢሮ፣ ለቀን፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቤተሰብ ምሳ ካሮን። ለማታ፣ ለሠርግ፣ ለጭፈራ ለ ማል። ዕድሜን ብዙ አልቆጥርም። ግን የሃያ ዓመት ልጅ ካሮንን «የአባቴ ሽቶ» ሊለው ይችላል፤ ሃምሳ የሞላው ሰውም ለ ማልን ሊከብደው ይችላል። ለ ማል ዛሬ ብዙ ወንድሞች አሉት። በ2020 የወጣው ለ ፓርፋም ሄል፣ ላቬንደር፣ አይሪስና ቫኒላ አለው። ከመጀመሪያው ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ከቤተሰቡ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። በ2023 የወጣው ኤሊክሲር ማርና ትምባሆ ተጨምሮበት በጣም ይጣፍጣል። ላቬንደር ፍለጋ የመጣ ሰው እዚያ ውስጥ ብዙ አያገኘውም።

ይህን ጥምረት የጀመረው ግን ካሮን አይደለም። ጌርላን በ1889 ባወጣው ዢኪ ላቬንደርን ቫኒሊን ከሚባለው የቫኒላ ዋና ጠረን ጋር አጣምሮ ነበር። ዢኪ ውስጥ እንስሳዊ የሆነ ጠረንም አለ፤ የዝባድ። ለረጅም ዘመን የአውሮፓ ሽቶ ቤቶች ዝባዱን በአብዛኛው የሚገዙት ከኢትዮጵያ ነበር። ከጥርኝ እየተወሰደ፣ በቀንድ እየታሸገ ይላክ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ተተክቷል። ዢኪ አሁን ከሴቶች ሽቶ ጋር ቢደረደርም ብዙ ወንዶች ተቀብተውታል። ካሮንን ወድዳችሁ «ትንሽ አመፀኛ ቢሆን» ካላችሁ ዢኪን ሞክሩ።

የፀጉር ቤቱ ወገን

ጺም ከተላጨ በኋላ አንገት ላይ የሚቀረውን ያንን ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ጠረን አስቡት። የሽቶ ሰዎች ለዚህ ወገን «ፉዤር» ይሉታል። መነሻው በ1882 ፖል ፓርኬ ለኡቢጋን የቀመመው ፉዤር ሯያል ነው። አጥንቱ ሦስት ነገር ነው፦ ከላይ ላቬንደር፣ መሐል ላይ ኩማሪን፣ ከሥር ኦክሞስ። ኩማሪን ታጭዶ የደረቀ ሣር ይሸታል፤ ቶንካ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። በ1868 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በላቦራቶሪ ሠራው፤ ከዚያ በኋላ ለሽቶ ቀማሚዎች ርካሽ ሆነላቸው። ኦክሞስ በኦክ ዛፍ ላይ የሚበቅል ነው፤ እርጥብ ጫካ ይሸታል።

ከዚህ ወገን ዛሬም ሱቅ ውስጥ የሚገኙ ብዙ አሉ። ብሩት በ1964 ወጣ፤ ርካሽ ነው፣ ደግ ጠረን አለው፣ ግን ቶሎ ይጠፋል። ለመሞከሪያ ይሆናል። ሦስቱን ግን በደንብ ላነጻጽራቸው።

የፓኮ ራባን ፑር ኦም የ1973 ነው። ላቬንደሩ ከጥብስ ቅጠልና ሴጅ ከሚባለው ቅጠል ጋር ነው፤ ከሥሩ ማር የሚመስል ሙቀት አለ። ከሦስቱ በጣም አረንጓዴው እሱ ነው። ሳሙናም ያስታውሳል፤ ግን የድሮውን ጥሩ ሳሙና። የጥብስ ቅጠሉን ፈተና የመረጠ ሰው ይህን ያሽት።

አዛሮ ፑር ኦም በ1978 መጣ። የሱ ልዩ ነገር ከላቬንደሩ ጋር የገባው አኒስ ነው። ያንን እንስላል የመሰለ ጣፋጭ ቅዝቃዜ ኡዞ ወይም አረቄ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ከፓኮ ራባን ይልቅ ሞቅ ያለ፣ ፈገግ ያለ ሽቶ ነው። ሱፍ ልብስ ይወዳል። ከዚህ ወገን አንድ ብቻ ግዛ ብባል ያለ ማመንታት አዛሮን እወስዳለሁ። ዋጋውም ከአዲሶቹ ታዋቂ ሽቶዎች በጣም ያነሰ ነው።

ድራካር ኗር የ1982 ነው፤ የጊ ላሮሽ። እዚህ ጋ ላቬንደሩ ዳይሃይድሮሚርሴኖል ከሚባል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ጋር ተገናኘ። ያ ንጥረ ነገር ሎሚና ብረት የተቀላቀሉበት ዓይነት ንጽሕና ይሰጣል። ሽቶው በጣም ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩ የገላ ሳሙናውም፣ ዲኦድራንቱም ውስጥ ገባ። ዛሬ ድራካርን የሚያሸት ወጣት «ዲኦድራንት» የሚለው ለዚህ ነው። ጠንካራ ነው፣ ይቆያል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከመርጨት አላልፍም።

የድሮ ሰዎች «ሽቶው እንደ ድሮው አይደለም» ሲሉ ብትሰሙ እውነት አላቸው። ኦክሞስ ውስጥ ያሉ አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች የቆዳ አለርጂ ያመጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ እነሱ ያሉባቸው አዳዲስ ምርቶች ገበያ እንዳይገቡ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ እንዳይሸጡ ከልክሏል። ኦክሞሱ እየተጣራ ወይም በሌላ እየተተካ ነው። ስለዚህ የዛሬው ፉዤር ከሥር ቀለል ያለ ነው። ላቬንደሩ ግን አልተነካም። እንዲያውም ከሥሩ ያለው ክብደት ሲቀንስ ላቬንደሩ ይበልጥ ወደ ፊት የመጣባቸው አሉ።

አዲሶቹ፦ ሉና ሮሳ ካርቦን እና ሶቫዥ ኤሊክሲር

የዘመኑ ላቬንደር ብዙ ጊዜ አምብሮክሳን ከሚባል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ጋር ነው። አምብሮክሳን ከዓሣ ነባሪ የሚገኘውን የአምበር ጠረን የሚተካ ነው። ደረቅ፣ ጨው ጨው የሚል፣ በጣም ርቆ የሚሸት። አንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሰማውም፤ ሌላው ራስ ምታት ያመጣብኛል ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳችሁ ላይ መሞከራችሁ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ይበልጥ ነው።

ፕራዳ በ2017 ያወጣው ሉና ሮሳ ካርቦን ንጹሕ ነው። ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ላቬንደር፣ ከዚያ አምብሮክሳን። ላቬንደሩ ግልጽ ነው፤ ብረት ብረት በሚል ቅዝቃዜ ተሸፍኗል። ሸሚዝ ለብሶ ለሚሠራ ሰው፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለስብሰባ ይመቻል። ማንንም አያስቀይምም። ጉድለቱም ይኸው ነው፤ የማያስቀይም ሽቶ ብዙ ጊዜ የማይረሳ አይሆንም።

የዲዮር ሶቫዥ በ2015 ሲወጣ ላቬንደር ነበረው፤ ግን ቤርጋሞቱና አምብሮክሳኑ ይሸፍኑታል። በ2021 የመጣው ኤሊክሲር ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም የቀመማቸው ፍራንሷ ደማሺ ነው። ኤሊክሲር ውስጥ ቀረፋ፣ ሄልና ገውዝ አሉ። ላቬንደሩ ወፍራምና ጨለም ያለ ነው፤ ከሥሩ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥርና እንጨት አለ። ጥንካሬው ያስደንቃል። አንድ ርጭት ደረት ላይ፣ አንድ አንገት ጀርባ ይበቃል። ከዚያ በላይ ታክሲ ውስጥ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ማስቸገር ነው። ላቬንደር የሴት ነው፣ የሳሙና ነው ለሚል ሰው ይህን ብታሸቱት ሐሳቡን ይቀይራል።

ስለ ዱባይ ሽቶዎች ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙዎቻችን የምንገዛው ከዚያ የሚመጣውን ነውና። የላታፋ «አሳድ» ዋጋው ቀላል ነው፤ ብዙ የሽቶ ወዳጆችም ከሶቫዥ ኤሊክሲር ጋር ያመሳስሉታል። ቅመሙንና ጨለማውን በእርግጥ ይይዘዋል። ላቬንደሩን ግን ከሱ አትጠብቁ። በቅመምና በጣፋጭነት በኩል ነው የቀረበው። ገንዘብ ቸግሯችሁ ላቬንደር ከሆነ የምትፈልጉት በዚያው ዋጋ አካባቢ አዛሮን መፈለግ ይሻላችኋል።

ከእጣን ጋር

ሰርዥ ሉተንስ በ2006 ያወጣው ግሪ ክሌር ላቬንደርን ከእጣን ጋር አገናኝቷል። የቀመመው ክሪስቶፈር ሼልድሬክ ነው። የእኛ አፍንጫ በእጣን ላይ ፈራጅ ነው። ቡና ሲፈላ፣ ቅዳሴ ሲቀደስ ያደግንበት ነውና። እዚህ ያለው ግን ያ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሞቃት ጢስ አይደለም። ደረቅ ነው፣ ወደ አመድ ያደላል፤ ላቬንደሩ በዚያ አመድ ላይ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ቆንጆ ነው፣ ግን ብቸኛ ጠባይ አለው። ውድ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለት ሦስት ሽቶ ያለው ሰው ይጨምረው እንጂ የመጀመሪያ ሽቶ አይሁን።

አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ ዱባይ

የአየሩ ነገር ከስሙ በላይ ይወስናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጠዋት ይበርዳል፣ አየሩም በበጋ ደረቅ ነው። በብርድ ሽቶ አይስፋፋም፣ በደረቅ ቆዳ ላይም አይቆይም። ስለዚህ ካሮን አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ይላል። ከመቀባታችሁ በፊት ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ትንሽ ቫዝሊን ብትቀቡ ይረዳል። ልብስ ላይም ርጩ፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ለ ማልም ሶቫዥ ኤሊክሲርም ደስ ይላሉ። ብርዱ ጣፋጭነታቸውን ይገራዋል።

ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀት ቫኒላን ያከብደዋል። ለ ማል በ40 ዲግሪ ውስጥ ለራሳችሁም ለሰውም ጭንቅ ነው። እዚያ ፓኮ ራባን፣ አዛሮ ወይም ሉና ሮሳ ካርቦን ይሻላሉ። ካሮንም ቆላ ላይ ከምትጠብቁት በላይ ያምራል። ዑድ የሚቀባ ሰው መካከል የምትሠሩ ከሆነ ላቬንደር ቀላል መስሎ አይታያችሁ። በከባድ ጠረን መካከል ንጹሕ ጠረን ጎልቶ ይለያል።

ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው። ማሞቂያ ያለበት ክፍል ውስጥ ሶቫዥ ኤሊክሲር ቶሎ ይሞላል፤ መጠኑን ቀንሱ።

ሱቅ ስትገቡ

ላቬንደር ተናኝ ነው። መጀመሪያ የሚመጣውም፣ ቀድሞ የሚሄደውም እሱ ነው። ወረቀት ላይ ረጭታችሁ በአንድ ደቂቃ ከወሰናችሁ የምትፈርዱት በአልኮሉና በሹሉ ጎን ላይ ብቻ ነው። ክንዳችሁ ላይ ርጩና ውጡ። ማኪያቶ ጠጡ፣ ጉዳያችሁን ጨርሱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሽትቱ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደገና። ላቬንደሩ ከሄደ በኋላ የሚቀረውን ካልወደዳችሁት አትግዙት። ቀኑን ሙሉ አብራችሁ የምትውሉት ከሚቀረው ጋር ነው። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አትሞክሩ፤ አፍንጫ ይደክማል።

ኦ ደ ቷሌት ነው ኦ ደ ፓርፋም የሚለውንም ተመልከቱ። በተለምዶ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20 በመቶ የሽቶ ዘይት ይይዛል። በላቬንደር ላይ የበለጠ መጠን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ብዙ ጊዜ ኦ ደ ፓርፋሙ ከሥር ያለውን ቫኒላና እንጨት ያጎላል፤ ቅጠላዊው ትኩስነት ይቀንሳል። ቅጠሉን የምትወዱ ኦ ደ ቷሌቱን ውሰዱ።

ፎርጂድ በዝቷል። የካርቶኑ ሥር ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ታዋቂው በጣም ይመሰላል፤ ሶቫዥና ለ ማል ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዛሮና ካሮን ላይ ሥጋቱ ያነሰ ይመስለኛል፤ አስመሳዩ የሚሮጠው ብዙ ወደሚሸጠው ነውና።

ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊናሎል አየር ሲያገኘው ይለወጣል፤ ያ የተለወጠው አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ጠርሙሱን መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ክዳኑን ግጠሙ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። አዲስ ሽቶ ሲሆን ክርናችሁ ውስጥ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

ለስጦታ

ለአባት ወይም ለአጎት ከሆነ ካሮን። በትልልቅ ጠርሙስ፣ እስከ 750 ሚሊ ሊትር ድረስ ይሸጣል። ሽቶ ብዙ የማይጠቀም አባት ከሆነ ትንሿ ትበቃዋለች። በወጣትነቱ ድራካር ወይም ብሩት ይቀባ የነበረ ከሆነ አዛሮን ስጡት፤ የሚያውቀውን ያገኝበታል። ለታናሽ ወንድም ለ ማል ለ ፓርፋም፣ ሥራ ሊጀምር ከሆነ ካርቦን። ለሙሽራ ሶቫዥ ኤሊክሲር፣ ግን ስንት ጊዜ እንደሚረጭ አብራችሁ ንገሩት።

ለባልና ሚስት የሚሆን ብትፈልጉም መንገድ አለ። በ2019 ኢቭ ሳን ሎራን ሊብር የተባለውን የሴቶች ሽቶ ያወጣው በላቬንደርና በብርቱካን አበባ ላይ ነው። የወንድ ይባል የነበረውን ላቬንደር ሴቶች በደንብ ተቀብለውታል። እሷ ሊብር፣ እሱ ለ ማል ለ ፓርፋም ቢቀቡ ጠረናቸው ይስማማል፣ አይጋፋም። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ጠርሙስ ከሆነ የሚገዙት ግን ካሮንን ይሞክሩት፤ በሴት ቆዳ ላይም በጣም ያምራል።